ቀለበቱ የሚከብደው ሌንስ

ኻርቱም፣ ዴም
ነሐሴ 19 ቀን 2017

ገብረየስ፣

እንዴት ከረምክ? እኔ አለሁ። "አለሁ" እዚህ ቀላል ወሬ እንዳይመስልህ፣ ለሁሉም አልደረሰም። ወረቀቱ ላይ ያለው ዘይት ሌንሶቹ ከተቋጠሩበት ጨርቅ የመጣ ነው፣ ማሊሽ፣ ይቅር በለኝ፣ ሌላ ወረቀት አላገኘሁም።

ጤነኛ ዕቃ ለምን አትልክም ላልከው፣ ጤነኛ ሌንስ ጠፍቶ አይደለም። ሞልቷል። ከሰው ፍሪጅና ከሰው የሠርግ አልበም ጋር መሬት ላይ ተዘርግቶልሃል። ግን ስማ፣ ጤነኛ ሌንስ ማለት ትናንት ካሜራ ላይ የነበረ ነው። ባለቤቱ እያለቀሰ ነው ከእጁ የወጣው። እኔ እሱን አልነካም። እኔ የምገዛው መስታወቱ ንጹህ ሆኖ ብረቱ ትንሽ ያመመውን ነው። ለምን በለኝ። የብርሃን መክፈቻ ቅጠሉ ዘይት ነክቶት የሚጣበቅ፣ የፎከስ ቀለበቱ የሚቸከል ሌንስ፣ ባለቤቱ ራሱ ከጦርነቱ በፊት ሰልችቶት መሳቢያ ውስጥ የጣለው ነው። ሰው የረሳውን መግዛት ሌብነት አይደለም። ይሄ የኔ ሕግ ነው። ማንም አላስተማረኝም፣ ሌንስ መፍታትንም ማንም እንዳላስተማረኝ። አንተ አዲሳባ ቁጭ ብለህ፣ ደንበኛ ሻይ እየጋበዘህ፣ እኔን ስለ ጥራት ትጠይቀኛለህ! ና እስቲ አንድ ቀን እዚህ ግዛ።

አሁን የላክሁልህ ሰባት ናቸው። ሁሉንም በእጄ አይቻቸዋለሁ። ሃምሳ ሚሊሜትሩ ቅጠሎቹ ይዘገያሉ፣ ማጽዳት ነው። ሠላሳ አምስቱ ማሰሪያው ላይ ይወዛወዛል፣ ሦስት ቪት ማጥበቅ ነው። ትልቁ ዙም ወደ ታች ሲይዙት ራሱ ተዘርግቶ ይወርዳል፣ ቀና አድርጎ ለሚያነሳ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ሰማንያ አምስቱ ቀለበቱ ይከብዳል፣ አሸዋ ገብቶበት ነው፣ ፍታውና እጠበው። ሁለቱ ትንንሾች ሞተራቸው ሞቷል፣ በእጅ ይሠራሉ። የመጨረሻው የፊት ክሩ ተጣሞ ፊልተር አይቀበልም። ጉድለቱን ለገዢው ንገር፣ እንዳትደብቅ። እኛ ያለን ስም ብቻ ነው።

ለገሠ ሹፌሩ ገዳሪፍ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቀብለው ሰው አለው። ስልኬን ኬላ ላይ ከቀሙኝ ወዲህ መንገዴ እሱ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለረሺዳ አንብብላት።

ረሺዳ፣ አባትሽን አርብ ዕለት አየኋቸው። ሰፈራቸው አርካዊት ሰላም ነው። አሚ ኢድሪስ ጀለቢያቸውን ለብሰው በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል፣ አፋቸው ግን ወላሂ አይንቀጠቀጥም፤ "አንተ ሐበሻ፣ ዛሬም ባዶ እጅህን መጣህ?" ብለው ተቀበሉኝ። ፉል በላን። ፎቶ የሚነሳ አንድ ሰው እስካለ ድረስ ስቱዲዮውን አልዘጋም ይላሉ። "ልጄ እንዳትመጣ፣ ማስተማሯን ትያዝ" ብለዋል። የሄድሽ ቀን በየአርቡ አያቸዋለሁ ብዬሻለሁ። ቃሌ ቃል ነው።

ያረጋል


አዲስ አበባ
መስከረም 12 ቀን 2018

ውድ ያረጋል፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጎንህን ያምህ የነበረው ተሻለህ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ይሄን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ሌንሶቹ በደህና ገብተዋል፣ አንድም መስታወት አልተነካም። ግን ዝርዝርህ ከዕቃው ጋር አልገጠመም። የሚወዛወዘው ሠላሳ አምስቱ ሳይሆን ሃምሳው ነው። ዙሙ አይወርድም፣ እንዲያውም ይቸከላል። አይተህ የጻፍከው አልመስል አለኝ፣ ሰው ያወራህን እንጂ። ይሄን እንለፈው።

ስለ ሰማንያ አምስቱ ነው የምጽፍልህ። እንዳልከው ፈታሁት። አሸዋ የለበትም፣ አንዲት ቅንጣት። ያገኘሁት ወፍራም ግሪስ ነው፣ ሆን ተብሎ፣ በልክ፣ ክሩ ላይ ተቀብቶ። ከውስጥ በኩል ደግሞ "ያ" የምትል ፊደል ተጭራለች። ያሬ፣ ዴም ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠናል፤ ጭረትህን አጥቼው አይደለም።

ቅዳሜ ነበር። ረሺዳ እንደ ሁልጊዜዋ የአርቡን ወሬ ልትሰማ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ወደ አረብኛ እየመለስኩ አነበብኩላት፣ "ባዶ እጅህን መጣህ" የሚለው ላይ ሳቀች። ከዚያ የገጠምኩትን ሌንስ ከጠረጴዛው አነሳችና ቀለበቱን አንዴ አዞረችው።

"ይሄ የአባቴ ነው" አለች።

"እንዲህ የሚከብድ ስንት አለ" አልኳት።

"እንዲህ የሚከብድ አንድ ነው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ፎከሱ አብሮት እንዳይሄድ ያረጋል ነው ያከበደለት። 'ሐበሻው ለእጄ ፍሬን ገጠመልኝ' እያለ ለመጣ ሰው ሁሉ ያስይዘው ነበር።"

"ሸጦት ነው? ዓይኑን ይሸጣል እንጂ ይሄን አይሸጥም" አለች። ለጥገና ልከውልህ ከሌሎቹ ጋር በስህተት ገብቶ ነው አልኳት። ያመነችኝ ይመስለኛል። ሌንሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች።

አሁን እኔም ዋሽቻለሁ። ምን ላይ ቆሜ እንደዋሸሁ ንገረኝ።

ወንድምህ ገብረየስ


ኻርቱም፣ ዴም
መስከረም 29 ቀን 2018

ገብረየስ፣

ሰላምታውን ዝለለው። ማነው በሷ ፊት ፍታ ያለህ? ሱቅህ ጓዳ የለውም? ቅዳሜ እንደምትመጣ እያወቅህ የሰው ሌንስ እንደ ዶሮ ዘርግተህ ትበልታለህ፣ ከዚያ እኔን እንደ መርማሪ ትጠይቀኛለህ። አንተ ማነህ? ጦርነቱ በጀመረ በአራተኛው ቀን ሻንጣህን አንጠልጥለህ "ያሬ አደራ" ብለህ የሄድክ አይደለህም? ጠረጴዛውን ለኔ፣ መፍቻውን ለኔ፣ የጎረቤቱን ቁልፍ ለኔ፣ የሰውን ሁሉ አባትና እናት ለኔ! ያረጋል ደግ ነው፣ ያረጋል አይሄድም፣ ወረቀት የለውማ የት ይሄዳል! እሺ፣ አልሄድኩም። ሁለት ዓመት ተኩል ውሃ በጀሪካን እየተሸከምኩ አለሁ። አንድ ቀን እንኳን ምን በላህ ብለህ ጽፈሃል? ጎንህን ትላለህ። ጎኔን አላመመኝም፣ ተሰብሮ ነበር፣ ድኗል።

አዎ፣ ዝርዝሩን ሻጩ ነው የነገረኝ። ደስ ይበልህ። ገበያው መሃል ሆኜ "ከሻ መጣ" ተባለ። ከሻ ረስተኸው እንደሆነ፣ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው እየለቀሙ መኪና ላይ መጫን ነው። ሰው ተበተነ። ሻጩ ጨርቁን ቋጥሮ ሲነሳ እኔ እንደተቋጠረ ገዛሁት። እሱ እየሮጠ ጉድለታቸውን ይናገራል፣ እኔ እየሮጥኩ እሰማለሁ። ለገሠ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። ደብዳቤህን እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩና ሳልፈታ ሰጠሁት። በሕይወቴ ሳላየው የገዛሁት ሌንስ እሱ ብቻ ነው። ይሄ ነው ወንጀሌ።

ሌንሱን በተመለከተ፣ እኔ ምን አውቄ? ሸጠውት ይሆናላ። ሰው ዱቄት ሲያልቅበት ይሸጣል። ረሺዳ ዓይኑን ይሸጣል አለች፤ ዓይን የሚገዛ ቢገኝ እዚህ ከተማ ስንት ዕውር ባየህ ነበር። አርብ ስሄድ እጠይቃቸዋለሁ።

ለረሺዳ፦ አባትሽ ደህና ናቸው። ሰላም ብለዋል። ኻላስ፣ አለቀ።

ያረጋል


አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018

ያሬ፣

ደብዳቤህን ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ስድብህን ተቀብያለሁ። የሄድኩት በአራተኛው ሳይሆን በስድስተኛው ቀን ነው፣ ግን ሁለት ቀን ምንም አይለውጥም። ምን በላህ ብዬ አለመጠየቄም እውነት ነው። የምትመልስልኝን ፈርቼ ነው።

አንድ ነገር ግን አላስተኛኝም። አንተ በየአርቡ አጠገባቸው ከተቀመጥክ፣ አሚ ኢድሪስ ዱቄት ሲያልቅባቸው ለማን ይሸጡታል? በሰፈሩ ሌንስ የሚገዛ አንድ ሰው የሚያውቁ ቢሆን አንተ ነህ። ላንተ ሳይሰጡ ለገበያ?

እኔም የደበቅኩህ አለ። ረሺዳ ወደ ኻርቱም ልትመለስ ነው። በየአርቡ የምትጽፍላትን እኔ ስነግራት እሷ በደብተር ትገለብጠዋለች፣ ደብተሩ ሊሞላ ነው። ባለፈው ሳምንት አምጥታ አሳየችኝ። "አርካዊት ሰላም ነው፣ በላ፣ ተሳደበ፣ ሳቀ። ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሌንሱን የሸጠው ቸግሮት ነው፣ አንተና ያረጋል እንዳልጨነቅ ደብቃችሁኛል" አለችኝ። "እንዳትመጣ" ብለዋል ብላት፣ "እሱ መቼ ነይ ብሎ ያውቃል" አለች። ማስተማሯን ለቃለች። ቤቷን አስረክባ ኅዳር ሠላሳ በፖርት ሱዳን በኩል ትነሳለች። እዚህ ያላትን ሁሉ ጥላ የምትመጣው ባንተ ደብዳቤ ነው።

እኔ ከዚህ ሆኜ የማውቀው የለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅሃለሁ። አሚ ኢድሪስን በዓይንህ ያየሃቸው መቼ ነው? አርብ አትበለኝ። ቀኑን ጻፍልኝ።

ገብረየስ


ኻርቱም፣ ዴም
ጥቅምት 27 ቀን 2018

ገብሬ፣

ጥር 16። አርብ ነበር። ዘጠኝ ወር አለፈው።

ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት አርብ ሁሉ ከራሴ ነው። ፉሉም፣ ጀለቢያውም፣ ስድቡም። ስድቡ ቀላል ነበር፣ ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ብዕር ሳነሳ ራሳቸው ይሰድቡኛል።

ያን ቀን ከሳቸው ስመለስ ኬላ ላይ ያዙኝ። ያደረጉኝን አልጽፍም፣ ለገሠ ደብዳቤ እንደሚከፍት አውቃለሁ። ጎኔ ያኔ ነው። ሲለቁኝ "ሁለተኛ በዚህ ስታልፍ ብናይህ" አሉኝ፣ አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እኔም አላለፍኩም። ፈራሁ በቃ፤ ፈራሁ ብሎ ለመጻፍ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።

በመጋቢት ከተማው እጅ ሲቀይር ያ ኬላ ተነሳ። ታዲያ ለምን አልሄድክም በለኝ። አፍሬ ነዋ! ሁለት ወር ጠፍቶ የከረመ ሰው ምን ብሎ ይገባል? ነገ እሄዳለሁ ስል ሦስት ወር ሆነ። ከዚያ ከሻው መጣ፣ ሰበብ አገኘሁ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ደብዳቤው ውስጥ ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፤ ሄጄ እንደዚያ ሆነው ባላገኛቸውስ? እንዲህ ማሰብ ጀመርኩ። ከጥር በፊት የጻፍኩት ግን እውነት ነው፣ ለረሺዳ ይሄን ለይላት፤ ደብተሯ ላይ ከጥር 16 በኋላ ያለውን ነው የምትሰርዘው።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ሄድኩ። በባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ሠላሳ ደቂቃ አልሞላም። ሠላሳ ደቂቃ፣ ገብሬ።

በር የለም። የመስኮቱ ብረት የለም። የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ መዝዘው ወስደውታል። ስቱዲዮው ባዶ ነው፣ ሰው ለፓስፖርት ሲነሳ ይቀመጥባት የነበረች ዱካ እንኳን የለችም። ድሮ የማውቃቸው ጎረቤቶች አንድም አልቀሩም፣ በየቤቱ ከሌላ ሰፈር ተፈናቅለው የመጡ ናቸው ያሉት። ከአጠገቡ ካለው ግቢ አንዲት ሴትዮ ወጣች።

"የዴሙ ሐበሻ አንተ ነህ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ዕቃው ደርሶህ ነው የመጣኸው?"

"የቱ ዕቃ?" አልኳት። እያወቅሁት ነው የጠየቅኋት።

እንደነገረችኝ፣ አሚ ኢድሪስ በሰኔ ታመሙ። የበሉትን የጠጡትን ውስጣቸው አልይዝ አለ፣ ሐኪም የለም፣ እሷ ናት ውሃ የምታጠጣቸው። በሦስተኛው ቀን ሌንሱን ከትራሳቸው ሥር አወጡና ወደ መሃል ከተማ ለሚወርድ ሰው ሰጡት። "ዴም ሄደህ ሌንስ የሚሠራውን ሐበሻ ብለህ ጠይቅ። ቀለበቱ ይከብዳል በለው" አሉት። ሴትዮዋ "ሐጅ፣ ታምሜያለሁ በለው አይሉትም ወይ?" ብትላቸው፣ "ታምሜያለሁ ካልኩት ያፍራል፣ አይመጣም። ሥራ አለ ካልኩት ይመጣል" አሉ።

አየህ? ሄጄ ሳላያቸው እሳቸው እዚያ ተኝተው አይተውኛል።

ሰውየው አላደረሰልኝም። ይሽጠው ይቀማ አላውቅም፣ ነሐሴ ላይ ከሻጩ እጅ ገባ። ሻጩ እየሮጠ "ይሄኛው ቀለበቱ ይከብዳል" ሲለኝ የሳቸውን መልእክት ነበር የሚነግረኝ። ሰምቼው፣ ወረቀት ላይ ጽፌው፣ "አሸዋ ነው" ብዬ ጨምሬበት ወዳንተ ላክሁት። ጉድለት ያለበት ሌንስ የተረሳ ነው ብዬህ ነበር አይደል? ያ ሕግ የደደብ ሕግ ነው። ባለቤቱ ታሞ ተኝቶ እንኳን ከትራሱ ሥር ያልለየውን ነው ጉድለት አለው ብዬ የገዛሁት።

ሌንሱን በሰጡ በአራተኛው ቀን አረፉ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ ቀኑን አታውቀውም። ግቢው ውስጥ ቀበሯቸው፣ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር። ቦታውን አሳየችኝ።

ረሺዳ ሳትነሳ ይሄን አንብብላት። አንተ ሰው ማጽናናት ትወዳለህ፣ አታለሳልስ። "ያፍራል፣ አይመጣም" የሚለውን እንዳትዘል። ስታነብላት የሳቀችባቸውን ሁሉ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፣ ይሄንንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ያረጋል


ኻርቱም፣ ዴም
ኅዳር 20 ቀን 2018

ገብሬ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አጭር ነው፣ አልቀየምኩም። ረሺዳ ምን እንደሆነች አልጻፍክልኝም፣ እኔም አልጠይቅህም። ሌንስ መላኩን ተወው ላልከው፣ ቀድሜ ትቼዋለሁ። መፍቻዎቹን ለባዬ ሰጥቼዋለሁ፣ እዚሁ ሰፈር ሬዲዮ ይሠራል፣ ይጠቀምባቸዋል። ማንንም ለመቅጣት አይደለም፤ ቀለበት በያዝኩ ቁጥር እጄ ክብደቱን እየለካ አላሠራ አለኝ።

ከሁሉም አስቀድመህ የጻፍካትን አንዲት መስመር ስንት ጊዜ አነበብኳት። የት ነው ያለው ብላ እንደጠየቀች። መምጣቷን እንዳልተወች፣ ልትኖር ሳይሆን አባቷ የተቀበሩበት አፈር ላይ ልትቆም እንደሆነ።

ስማኝ። ባለፈው ያልነገርኩህ አለ። ሴትዮዋ ያሳየችኝ ቦታ ባዶ ነው። በኋላ ሰዎች መጥተው በየግቢው የተቀበረውን እያወጡ ወደ መቃብር ወስደዋል፣ የሳቸውንም ጭምር። ይሄን ስጽፍልህ እጄ ከበደኝና "ቦታውን አሳየችኝ" ላይ አቆምኩት። አየህ እንዴት እንደምዋሽ? ውሸት ሳልጽፍ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ሰፊ ነው። ቆርቆሮ ላይ ስም የተጻፈላቸው አሉ፣ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱን አነበብኩ፣ አረብኛ ማንበብ ራሴን ያስተማርኩት በሱቅ ታፔላ ነው፣ ቀስ እያልኩ አነበብኩ። እሳቸው የሉም። ከዚያ በኋላ ያለው ረድፍ "ያልታወቀ" እያለ ነው የሚሄደው። ያልታወቀ፣ ያልታወቀ፣ ያልታወቀች። ጠባቂውን ጠየቅሁት፣ "ስሙን የሚነግረን ሰው የነበረውን ጽፈናል" አለኝ።

ማታ ቤት ስመለስ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። "ከበሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ጥላ አለው" ብዬ ጻፍኩ። ቆንጆ አድርጌ። ጥላ መኖሩ ደስ ይላት ነበር። ከዚያ ቀደድኩት።

እና መልሱ ይሄ ነው። አላውቅም። ከነዚያ ረድፎች በአንዱ አሉ፣ በየቱ እንደሆነ አላውቅም፣ ለወደፊትም የማውቅ አይመስለኝም። ከመነሳቷ በፊት ንገራት፣ መንገድ ላይ ሆና አትስማው። ለገሠን በስምንት ቀን ካላደረስክ ብዬ አስምዬዋለሁ። ይሄን ሰምታም ከመጣች፣ አውቶቡስ መውረጃው ላይ እጠብቃታለሁ። ፊቴን ማየት ካልፈለገች ከሩቅ እቆማለሁ፣ መንገዱን አሳይቼ እመለሳለሁ። ከሻ ከቀደማት ደግሞ ባዬ ያደርሳታል፣ ነግሬዋለሁ።

ሴትዮዋን "ስማቸውን ለምን አልነገርሻቸውም?" ብያት ነበር። ተቆጣችኝ። "እኛ ከሌላ ሰፈር ነን፣ ሐጅ ነበር የምንላቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ማን ነበር?" አለችኝ።

ኢድሪስ ዑስማን ኸሊፋ። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው አውቀዋለሁ። ያን ቀን ስማቸውን የሚነግር አንድ ሰው ይፈለግ ነበር፣ እሱም ሠላሳ ደቂቃ ርቆ ዴም ውስጥ ተቀምጦ "አባትሽ ደህና ናቸው" እያለ ይጽፍ ነበር።

ያረጋል